«ረን» ሲባል ማን ነው የሚሮጠው?

በዚህ እትም ለቋንቋ አምዳችን ከደረሱን ደብዳቤዎች የመረጥናቸው ሁሉ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚጠይቁ ናቸው። ቃሉ በሦስት ፊደል የሚጻፍ፣ ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት «ሮጠ» ብሎ የሚሸመድደው ነው። አብዛኛው ስሕተትም ከዚያው ሽምደዳ ይመነጫል። በፊደላችን ስንጽፈው የአሁኑን ጊዜ «ረን» (run)፣ ኃላፊውን ጊዜ «ራን» (ran) ብለናል፤ ምክንያቱን ሁለተኛው መልስ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ረን»ን «ሮጠ» ብለው ይዘው ይመጡና አንድ ገጽ ሳይጨርሱ ይደናቀፋሉ። መዝገበ ቃላት ስከፍት ደግሞ ፍቺው ማለቂያ የለውም። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ተሸከመው? ከየትስ ጀምሬ ላስተምር? (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማለቂያ የለውም ማለትዎ ከእውነት ብዙ አይርቅም። በትልቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሰፊውን ቦታ ይዞ የኖረው ቃል «ማስቀመጥ» የሚል መነሻ ፍቺ ያለው «ሴት» (set) ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም 430 ያህል ፍቺዎች ተሰጥተውታል። በኋላ መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲከለስ፣ በዚያው አቆጣጠር በ2011፣ «ረን» በለጠው። ግሡ ብቻ 645 ፍቺ ተቆጥሮለታል። ፍቺዎቹን የለየው ባለሙያ ፒተር ጊሊቨር ለዚህ አንድ ቃል ዘጠኝ ወር ያህል ወስዶበታል።

ነገር ግን ተማሪዎችዎ 645 ነገር ማጥናት አያስፈልጋቸውም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቃሉ አባት «ሪናን» ነው። ይህ ግሥ ለሰው እግር ብቻ ሳይሆን ለውሃም ይነገር ነበር። ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛ «ሪነን» እስከ ዛሬ «ፈሰሰ፣ ተንጠባጠበ» ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዞች «ወንዙ ረንስ» ሲሉ ወንዙን በሯጭ መመሰላቸው አይደለም፤ ቃሉ ከጥንትም የወንዝ ነበረ። የሐሳቡ እምብርት አንድ ነገር በመንገዱ፣ በቦዩ ወይም በተያዘለት መስመር ሳይቋረጥ መሄዱ ነው። የእግር ሩጫ ከዚህ አካሄድ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው።

አማርኛ ይህንኑ ሐሳብ ለብዙ ግሦች አከፋፍሎታል። ሰው ይሮጣል፣ ውሃ ይፈስሳል፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ አጥር እስከ ወንዙ ይዘልቃል፣ በሽታ በዘር ይወርዳል፣ ውል እስከ ቀነ ገደቡ ይጸናል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ «ረን» ይበቃዋል።

ቀሪው ውስብስብ ነገር ከሰዋስው የሚመጣ ነው። እኛ «ሄደ» ካልን በኋላ ሌላውን ሲያስሄድ «አስኬደ» እንላለን፤ አስደራጊው በግሡ መነሻ ላይ ይታያል። እንግሊዝኛው ምንም ሳይጨምር ያንኑ ቃል ይደግመዋል። «ዘ ማሺን ረንስ» ማሽኑ ይሠራል፤ «ሺ ረንስ ዘ ማሺን» ማሽኑን ታሠራዋለች። «ሺ ረንስ ኤ ስኩል» ደግሞ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። እዚህ ላይ ከአማርኛ የሚቀርበው «ሮጠ» ሳይሆን የ«ሄደ» ቤተሰብ ነው። ስብሰባ እናካሂዳለን፣ ሥራ እናስኬዳለን። እንግሊዞች «ረኒንግ ኮስት» የሚሉትንም የሒሳብ ሠራተኞቻችን «ሥራ ማስኬጃ» ብለውታል፤ ግሩም ትርጉም ነው።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል ያስለምዷቸው። አንደኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ምንድን ነው? ሰው፣ ፈሳሽ፣ ማሽን ወይስ ጊዜ ያለው ነገር? ሁለተኛ፣ ከግሡ ቀጥሎ ተሳቢ አለ? ካለ ወደ «አስኬደ» ያዘነብላል። ሦስተኛ፣ «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር»፣ «ባይ» የመሰለ ትንሽ ቃል ተከትሎታል? ከተከተለው ትርጉሙ በአብዛኛው የሁለቱ ጥምረት ስለሆነ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈለገው ከዋናው ፍቺ በኋላ፣ ጥምር ግሦች ተለይተው በተዘረዘሩበት ቦታ ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ፍቺ ተነሥቶ ወደ ታች እየቆጠረ ከሄደ ጊዜውን ያባክናል።

ተማሪዎችዎ «እንግሊዝኛ ግራ ያጋባል» ካሉዎት «ያዘ»ን ያሳዩአቸው። እጇን ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ታክሲ ያዘ፣ ስልኩ ተይዟል፣ ትምህርቱን በቃሉ ያዘ፣ ሥራ ይዟል፣ ችግኙ ያዘ። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በዚህ ቃል የሚያየውን ፍዳ ሲረዱ የ«ረን» ጸባይ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በፈተና ላይ «ሂ ሃዝ ራን» የሚለውን መርጬ ተሳሳትኩ። ኃላፊ ጊዜው «ራን» ከሆነ ለምን ስሕተት ሆነ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ግሡ ሦስት ቅርጽ አለው፤ ሦስተኛው ግን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፦ ረን፣ ራን፣ ረን። «መጣ» የሚለው «ከም፣ ኬም፣ ከም»ም እንዲሁ ነው። «ሃዝ»፣ «ሃቭ» ወይም «ሃድ» ከቀደመው ሦስተኛው ቅርጽ ስለሚያስፈልግ ትክክሉ «ሂ ሃዝ ረን» ነው። «ራን» ረዳት ግሥ ሳይቀድመው ለብቻው ይቆማል፦ «የስተርዴይ ሂ ራን»። «ረኒንግ» ሲሆን ደግሞ «ኤን» የምትባለው ፊደል ሁለት ጊዜ መጻፏን አይርሱ።

አነባበቡ ላይ አብዛኞቻችን ሁለቱንም «ራን» ስለምንል ሰሚው የትኛውን ጊዜ እንደተናገርን አይለይም። ፊደላችን ግን እዚህ ይረዳል። የአሁኑ ጊዜ አናባቢ ከግዕዙ «ረ» ጋር ይቀራረባል፤ አፍዎን ብዙ ሳይከፍቱ «ረን» ይበሉ። የኃላፊው ጊዜ «ራ» እና «ሬ» መሃል ያለ ድምፅ ነው፤ ምላስ ወደ ፊት ይገፋል፣ አፍ ወደ ጎን ይሰፋል። «ከት» (ቆረጠ) እና «ካት» (ድመት)፣ «ፈን» (ጨዋታ) እና «ፋን» (ማራገቢያ) እያፈራረቁ ጮክ ብለው ቢለማመዱ ጆሮዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ሬስቶራንት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ «ረን» ይላል። «ረን ቴብል ሲክስ»፣ «ዊ አር ረኒንግ ሎው»፣ «ረን ዘ ዲሽዋሸር»፣ «ረን ሂዝ ካርድ»። አንድ ቀን ቶሎ በይ ያለኝ መስሎኝ ሳህን ይዤ ስሮጥ ወደቅሁ። እባካችሁ ለየብቻ አስረዱኝ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህታችን፣ አይዞዎት። በሬስቶራንት ቋንቋ ውስጥ «ረን» መፍጠንን የሚመለከተው አልፎ አልፎ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይማ መሮጥን ማንም አይፈልግም።

«ረን ቴብል ሲክስ» ማለት ለስድስተኛው ጠረጴዛ የተዘጋጀውን ምግብ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንሥተው ያድርሱ ማለት ነው። የዚህ ሥራ መጠሪያ «ፉድ ረነር» ነው፤ ምግብ አመላላሽ ልንለው እንችላለን። አመላላሹ ያደርሳል እንጂ በአብዛኛው ትእዛዝ አይቀበልም። እንግዳው ተጨማሪ ነገር ከጠየቀው ለአስተናጋጁ ያስተላልፋል። ከማንሣትዎ በፊት ትኬቱ ላይ ያለውን የጠረጴዛ ቁጥርና የወንበር ቁጥር ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ጠረጴዛው ልክ ሆኖ ሳህኑ ለተሳሳተ ሰው ሲቀርብ ነው።

«ረኒንግ ሎው» እና «ራን አውት»ን መለየት የግድ ነው። የመጀመሪያው «እያለቀ ነው»፣ ሁለተኛው «አልቋል» ነው። «ዊ አር ረኒንግ ሎው ኦን አይስ» ከተባሉ በረዶው ገና አለ፤ መጨመር ግን ያስፈልጋል። «ዊ ራን አውት ኦፍ አይስ» ከሆነ ለእንግዳ በረዶ ያለው መጠጥ ቃል አይግቡ። አንድ ምግብ ለዕለቱ ሲያልቅ ሠራተኞች «ኤይቲ ሲክስ» ብለው የምግቡን ስም ሲጠሩም ይሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ምግብ አለመሸጥ ነው።

እርስዎ ራስዎ ሲናገሩ የሚያሳስተው የባለቤቱ መገለባበጥ ነው። በአማርኛ «ወተት አለቀብን» ስንል ያለቀው ወተቱ ነው፤ እኛ «ብን» ላይ ነን። እንግሊዝኛው ሰዎቹን ባለቤት አድርጎ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ» ይላል። «ሚልክ ኢዝ ፊኒሽድ» ቢሉ ሰው ይረዳዎታል፤ ግን የአገሬው ሰው እንዲያ አይልም። «ኦፍ» እንዳትቀር ደግሞ ይጠንቀቁ።

«ረን ዘ ዲሽዋሸር» እቃ ማጠቢያውን አስነሺ ማለት ነው። «ረን ሂዝ ካርድ» የእንግዳውን ካርድ በማሽኑ አሳልፈሽ ሒሳቡን አስከፍይ ነው። «ረን ዘ ሬጂስተር» ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ መሥራት ነው፤ ይህን ከተባሉ ኃላፊነቱ የገንዘብ ስለሆነ ሥራ ሲጀምሩ በመሳቢያው ውስጥ ያለውን ገንዘብ ራስዎ ቆጥረው ይረከቡ። እንግዳ «ካን አይ ረን ኤ ታብ?» ካለ አሁን ሳይከፍል ሒሳቡ እየተመዘገበ እንዲቆይለትና በመጨረሻ እንዲከፍል መጠየቁ ነው። እንቁላሉን «ረኒ» ይሁንልኝ ያለ ደግሞ አስኳሉ ሳይጠና፣ እንደ ፈሰሰ ነው የሚፈልገው።

አንዱን ግን በቃልዎ ይያዙት። እጅዎ ከተቃጠለ «ረን ኢት አንደር ኩል ዎተር» ይሉዎታል። እጅዎን የሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ያድርጉ ማለት ነው፤ ለ20 ደቂቃ። በረዶ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግበትም። ቀለበትና ሰዓት ካለ እጁ ሳያብጥ ያውልቁ።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እመቤቲቱ «ረን ዘ ባዝ ፎር ዘ ቤቢ» አለችኝና ሕፃኑን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ተቆጣችኝ። ምን ማለቷ ነበር? (ከዱባይ)

መልስ፦ ገንዳውን ውሃ ሙይለት ማለቷ ነው። እዚህ «ረን» ውሃ ማፍሰስ ነው፤ «ረን ዘ ታፕ» ቧንቧውን ክፈቺ፣ «ዘ ታፕ ኢዝ ረኒንግ» ቧንቧው ክፍት ነው፣ ውሃ ይፈስሳል ማለት እንደሆነ ሁሉ። ሕፃኑ ውሃው ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ውጪ ይቆያል። ቀድመው ቀዝቃዛውን ይክፈቱ፣ ከዚያ ሙቁን ይጨምሩ፤ ሙቁ ከቀደመ የገንዳው ብረት ራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ውሃውን በእጅ መዳፍ ሳይሆን በክርን ይለኩት፤ ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም መሆን አለበት፣ ቴርሞሜትር ካለ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ በደንብ ያማስሉትና ነው ሕፃኑ የሚገባው፤ ከገባ በኋላ ለአፍታም ብቻውን አይተውም።

በቤት ሥራ ውስጥ ሌሎችም ይሰማሉ። «ረን አን አይረን ኦቨር ኢት» ቶሎ ብለሽ ካውያ አሳርፊበት፣ «ረን ዘ ቫኪዩም» ወለሉን በማሽን ጥረጊ ነው። «ረን አን ኤራንድ» መላላክ ነው፤ ሱቅ ደርሶ መምጣትም ይሁን ዕቃ ማድረስ። «ረን ቱ ዘ ሾፕ» ሲባልም በፍጥነት ደርሰሽ ነይ እንጂ መሮጡ ግዴታ የለም።

ጥያቄ፦ መኪና ልገዛ ማስታወቂያ ሳይ «ረንስ ኤንድ ድራይቭስ» የሚል ይበዛል። መንዳትና መሮጥ ምን ልዩነት አለው? በዚያው ላይ ባለፈው ሰው መኪናዬን ገጭቶብኝ ኢንሹራንስ ደውዬ «አይ ራን ኢንቱ ሂም» ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተመዘገበ። (ከሲያትል)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለተኛው ስለሚቸኩል ከእሱ እንጀምር። «አይ ራን ኢንቱ ሂም» ሁለት ትርጉም አለው። ስለ ሰው ሲነገር «መንገድ ላይ ድንገት አገኘሁት»፤ ስለ መኪና ሲነገር «እኔ ሄጄ ገጨሁት»። በሁለቱም ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መዝጋቢው የሰማውን ነው የጻፈው። ዛሬውኑ ይደውሉና የሰጡት ቃል እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የፖሊስ ሪፖርትና ፎቶ ካለ ያያይዙ። ስለ አደጋ ሲናገሩ «ረን»ን ጨርሶ ይተዉት። «ሂ ሂት ማይ ካር» አጭርና የማያሻማ ነው፤ የገጨው ቀድሞ ይጠራል፣ የተገጨው ይከተላል። ቆመው ከነበረ «አይ ዎዝ ስቶፕድ» ብለው ይጨምሩ።

መንገድ ላይ ሌሎችም አሉ። «ረን ኤ ሬድ ላይት» ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ ነው። «ረን ኤ ስቶፕ ሳይን» የቁም ምልክት ጥሶ ማለፍ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ጎማው ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ቀስ ብሎ ማለፍም እንደ መጣስ ይቆጠራል። «ረን ኦቨር» በጎማ ላዩ ላይ መሄድ ነው። «ሂት ኤንድ ረን» ገጭቶ መሰወር፣ ወንጀል ነው። ፖሊስ «ረን ዩር ፕሌትስ» ካለ የታርጋ ቁጥርዎን በኮምፒውተር ማጣራቱ ነው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። «ረንስ» ሞተሩ ይነሣል፣ ከተነሣም ይቆያል ማለት ብቻ ነው። «ድራይቭስ» ማርሽ ይገባለታል፣ በራሱ ጉልበት ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መጻፋቸው መኪናው ለመንገድ ብቁ ነው የሚል ማረጋገጫ አይሆንም። በተለይ በጨረታ የሚሸጥ መኪና ላይ፣ በታየበት ቀን ተነሥቶ ጥቂት ሜትር መሄዱን ብቻ ነው የሚናገረው። «ረንስ ሆት» የሚል ካዩ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል ማለት ነው፤ ጠጋኙ ማን እንደሚሆን ሳያስቡ አይግዙት። «ረንስ ራፍ» ሞተሩ እኩል አይሠራም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል።

ሻጩን ሳይደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሣው ይጠይቁት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሙቅ ከሆነ ቀድሞ አሙቆት፣ የጠዋት አነሣሡን ሊያሳይዎ ስላልፈለገ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛውን ያስነሡት፣ ለ15 ደቂቃ ሳያጠፉ ይተዉት፣ የሙቀት ጠቋሚውን ይከታተሉ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሻጩን «ሊቭ ኢት ረኒንግ» ይበሉት፤ አታጥፋው፣ ይሥራ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ሐኪም ቤት ስወስዳት የማስተረጉመው እኔ ነኝ። «ዳዝ ኢት ረን ኢን ዘ ፋሚሊ?» ስትባል «ቤተሰቡ ውስጥ የሚሮጥ አለ?» ብዬ አሳፈርኳት። ሌሎቹንም ንገሩኝ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ «በዘራችሁ አለ ወይ?» ነው ጥያቄው። «ዳያቢቲስ ረንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ስኳር በቤተሰቡ ውስጥ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ሲመልሱ ማን እንደታመመ (አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት) እና በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረው ይናገሩ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንን ነው።

«አር ዩ ረኒንግ ኤ ፊቨር?» ትኩሳት አለሽ? ነው። አሜሪካ ውስጥ በፋራናይት ስለሚናገሩ 100.4 ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋር እኩል መሆኑን ይያዙ፤ ከዚያ ጀምሮ ትኩሳት ይባላል። «ረኒ ኖዝ» ንፍጥ የሚያወርድ አፍንጫ ነው። «ዘ ረንስ» ሲሉ ተቅማጥ ማለታቸው ነው፤ ነርሶች አንዳንዴ በለሆሳስ ስለሚጠይቁት ሳይሰማ ያልፋል። «ረን ሳም ቴስትስ» ምርመራ ማድረግ። «ረን ዳውን» ሲል ታማሚው አቅም ማጣቱን፣ መዛሉን መግለጹ ነው። «ዩር ፕሬሸር ረንስ ሃይ» ግን በጥንቃቄ ይተርጎም። ዛሬ ከፍ ብሏል ማለት ሳይሆን ከፍ ማለት ያዘወትራል ማለት ነው፤ በመድኃኒቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። «ዶንት ረን አውት» ደግሞ መድኃኒቱ እንዳያልቅባችሁ፤ የሳምንት ያህል ሲቀር ፋርማሲው እንዲያድሰው ይጠይቁ።

አንድ ምክር እንጨምር። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያስይዙ «አምሐሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ይጠይቁ። እናትዎ ከልጃቸው ፊት የማይናገሩት ነገር ሊኖራቸው ይችላልና።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሁለቱም «ረንኦፍ» ይላሉ። አንዱ ስለ ምርጫ ነው፣ ሌላው ስለ ውሃ ክፍያ። (ከአትላንታ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በጆርጂያ ግዛት አንድ ተወዳዳሪ ከ50 በመቶ በላይ ድምፅ ካላገኘ የበላዮቹ ሁለቱ ዳግም ይወዳደራሉ፤ ያ ዳግም ምርጫ «ረንኦፍ» ይባላል። በጥር መጀመሪያ 2021 እና በታኅሣሥ 2022 በፈረንጅ አቆጣጠር የሴኔት መቀመጫዎች የተወሰኑት በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ድምፅ ሰጥተው ከሆነ አልጨረሱምና ቀኑን ይመልከቱ። የውሃው «ረንኦፍ» ዝናብ ሲዘንብ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ክፍያው ለማፋሰሻው ነው።

በምርጫ ወሬ ውስጥ «ረን ፎር ሜየር» ለከንቲባነት መወዳደር፣ «ረኒንግ ሜት» ለምክትልነት አብሮ የሚቀርብ፣ «ረነር አፕ» ሁለተኛ የወጣ ነው። እንግሊዝ አገር ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ግን «ረን» ሳይሆን «ስታንድ» ይባልለታል፤ አሜሪካኑ ይሮጣል፣ እንግሊዙ ይቆማል፣ ሥራው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ ድርጅት ጋር እሠራለሁ። በኢሜይል «ረን ኢት ባይ ሚ»፣ «ረን ዊዝ ኢት»፣ «ድራይ ረን»፣ «ረንስ ስሩ ጁን 30» ይሉኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «ረን ኢት ባይ ሚ» ከመላክህ በፊት አሳየኝ፣ አማክረኝ ነው። «ረን ዊዝ ኢት» ተቃራኒው ነው፤ ፈቅጃለሁ፣ ይዘኸው ቀጥል። ሁለቱን ማምታታት ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመር ወይም የተፈቀደ ሥራ ይዞ መቀመጥ ያመጣል። «ድራይ ረን» ከዋናው ዝግጅት በፊት የሚደረግ ሙሉ ልምምድ ነው። «አይ አም ረኒንግ ሌት» ልዘገይ ነው። «ስሪ ዴይስ ረኒንግ» ሦስት ቀን በተከታታይ፣ «ኢን ዘ ሎንግ ረን» ውሎ አድሮ። «ዘ ረንአራውንድ» ደግሞ ዛሬ ነገ እያሉ ማመላለስ።

የውሉን ቃል በትኩረት ይዩት። «ረንስ ስሩ ጁን 30» ሲባል ያ ቀን ራሱ ጭምር ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጁን 30 ሰኔ 23 ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30፣ ማለትም ጁላይ 7 ስለሆነ ውሉ ከበጀቱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ያልቃል። በመሃል ያለው የሳምንት ክፍያ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚወጣ ከወዲሁ በጽሑፍ ያስወስኑ፤ «ሰኔ መጨረሻ» ብሎ ተርጉሞ ማለፍ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ቀሚሴን ላውንደሪ ስሰጥ «ዘ ከለርስ ማይት ረን» አሉኝ። ጫማ ስገዛ ደግሞ «ዚስ ረን ስሞል» ተባልኩ። (ከለንደን)

መልስ፦ የጫማው ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። በግማሽ ቁጥር ከፍ ያለውን ለክተው ይግዙ።

ቀሚሱ ላይ የተባሉት «ቀለሙ ሊለቅ ይችላል» ነው። የጥለቱ ክር ቀለም ወደ ነጩ ሸማ ከሰረገ መመለሻው ከባድ ስለሆነ ቀድመው ይሞክሩት። ነጭ ጨርቅ አርሰው ጥለቱን ከውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ ለአንድ ደቂቃ ጫን ያድርጉበት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አይዘፍዝፉት፣ በሙቅ ውሃም አይጠቡት። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ፣ ጥለቱ ነጩን እንዳይነካ ዘርግተው በጥላ ያስጡት። ላውንደሪ የሚሰጡት ከሆነ የሞከሩበትን ጨርቅ አብረው ያሳዩአቸው።